የክፉ ቀን ቀለብ ምንድን ነው?

ሰኔ ላይ አንድ ኩንታል በቆሎ ገዛሁ። ነሐሴ ላይ ማዳበሪያውን ፈትቼ እጄን ስከት ሞቀኝ። እህል ይሞቃል እንዴ? ይሞቃል። ነቀዝ ሲራባበትና ሻጋታ ሲይዘው ከውስጥ ይግላል። ከላይ ያለው ደህና ይመስል ነበር። ከሥር ያለው፣ ሲሚንቶው ላይ የተኛው፣ ተጋግሮ እንደ ቂጣ ሆኗል። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። በር ላይ ቆመው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ሰው በሰኔ በቆሎ ይገዛል?» አሉኝ።

«እማማ፣ ኋላ ይወደዳል ብዬ ነው።»

«እሱማ ይወደዳል። ይኼንን ግን ለዶሮም አትሰጠውም።»

ልክ ነበሩ። ለዶሮ የማይሰጥበትን ምክንያት ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ለማስቀመጥ የፈለግኩት ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ቃላቱ ይምታታሉና።

አስቤዛ የወሩ ነው። ደመወዝ ሲወጣ ይገዛል፣ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ስንቅ የመንገደኛ ነው። ክምችት የሚለው ቃል ደግሞ ስሙ ጠፍቷል፤ ሲነሳ ትዝ የሚለን ዘይት ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ ነው። የክፉ ቀን ቀለብ ከሦስቱም ይለያል። ገበያ መሄድ ባይቻል፣ ወይም ገበያው ኖሮ ገንዘቡ ባይኖር፣ ቤተሰቡን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆይ፣ አስቀድሞ ቤት የገባ ምግብ ማለት ነው።

ክፉ ቀን ሲባል ጦርነትና ድርቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጅማ ላይ ክፉ ቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ቦታ ከተዘጋ ሱቁ ይሳሳል። መብራት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። ደመወዝ ይዘገያል። ወይ ቤት ውስጥ ሰው ይታመምና ያለው ገንዘብ ሁሉ ለሕክምና ይሄዳል። በእኔ ግምት ብዙ ቤት የሚያንኳኳው ይሄ የመጨረሻው ነው። ያን ወር ቢያንስ እህል ላይ ካላሰባችሁ ትልቅ ሸክም ወረደ ማለት ነው።

2012 መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ በተባለ ሰሞን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሰማይ ወጡ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሱቅ ሄደ። ያ ቀለብ ማስቀመጥ አይባልም፣ ሽሚያ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ቀኑ ነው። ጥር ላይ፣ አዝመራው ገብቶ ገበያው ሲሞላ፣ ሃምሳ ኪሎ ትርፍ የገዛ ሰው ከማንም አልነጠቀም። ያንኑ ሃምሳ ኪሎ ወሬ በተወራ ማግስት ሲገዛ ግን ከኋላው የቆመውን ሰው ድርሻ ነው ይዞ የሚሄደው።

ዮሴፍም በሉት ዩሱፍ፣ እዚህ ከተማ ታሪኩን የማያውቅ የለም። በጥጋቡ ሰባት ዓመት ለረሃቡ ሰባት ዓመት አስቀመጠ። በሙስሊሞቹ ትረካ ውስጥ የምወዳት አንዲት ነገር አለች። እህሉን ሳይወቁ በዛላው እንዲያቆዩት ይመክራቸዋል። የገጠር ዘመዶቻችን በቆሎን ከነሽፋኑ ከምድጃ በላይ የሚሰቅሉት ከዚህ አይርቅም። ሽፋኑ ነቀዙን ያስቸግራል፣ ጭሱ ያደርቃል። ኪራይ ቤት ውስጥ ለምንኖር ግን ይሄ አይሆንም። አከራዩ ጣሪያ ጠቆረ ይላል።

ስንት ይበቃል? እዚህ ላይ ሰው በግምት ይሄዳል። እኔ የያዝኩት ልክ የእርዳታ ቀለብ ልክ ነው። በሀገራችን እርዳታ ሲታደል ለአንድ ሰው ለአንድ ወር የሚታሰበው መደበኛ መጠን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ይሄ በቀን ወደ 2,000 ካሎሪ ይጠጋል። አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ክክ ወይም ምስር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ዘይት ይሆናል። አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። በአንዴ መግዛት ካቃተ በሁለት ሳምንት ልክ ይጀመራል፤ ከአስቤዛው ጋር አምስት አምስት ኪሎ እየጨመሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጅማ ውስጥ የእህል ጠላት እርጥበት ነው። ከተማችን 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ያውም መጋቢት ላይ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅ። ልብስ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ውሎ የማይደርቅበት ወር አለን። ልብስ ያልደረቀበት አየር እህልንም አያደርቅም። እንዲያውም የደረቀ እህል ከአየሩ እርጥበት እየሳበ መልሶ ይርሳል። ሌላ አገር የሚሠራው «ጥላ ቦታ አስቀምጡ» የሚል ምክር እዚህ ግማሽ ምክር ነው።

በቆሎ ለወራት እንዲቀመጥ ከተፈለገ በውስጡ ያለው ውሃ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ በጨው ይታወቃል። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ። እስከ ሲሶው እህል ጨምሩበት። በላዩ ጥቂት ደረቅ ጨው አድርጉና ክዳኑን ገጥማችሁ ለሁለት ሦስት ደቂቃ በደንብ ነቅንቁት። ከዚያ ትንሽ አሳርፉት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ውሃ አለው። ካልተለጠፈ ከዚያ በታች ነው፤ 13 መድረሱን ግን ጨው አይነግራችሁምና አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት ጥሩ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በክረምት የጅማ ጨው ራሱ ውሃ ነው። መጀመሪያ ምጣድ ላይ አድርቁት፤ ያለዚያ ጠርሙሱ ይዋሻችኋል።

ስለዚህ የመግዣው ወር ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥር፣ የካቲት ነው። አዝመራ ገብቷል፣ ፀሐይ አለ፣ ዋጋውም ከክረምቱ ይሻላል። ቡና የሸጠም በዚሁ ሰሞን ነው እጁ ላይ ገንዘብ የሚኖረው። የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በበጋ ሐሙስ ጠዋት የሚገዛ እህል እንደ ሰኔው አይደለም። ገዝታችሁ ስትገቡ ግን ነጋዴውን አትመኑ። እኔ አምኜ ነው ያ ሁሉ የደረሰብኝ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው፣ ፍሬውን ነክሼ አላየሁ፣ አላሰጣሁ።

ከደረቀ በኋላ ማስቀመጫው ይመጣል። ሲሚንቶ ወለል ከሥር እርጥበት ይስባል፤ ማዳበሪያውም ከወለሉ ይጠጣል። እንጨት ረብርቡበት፣ ከግድግዳም አንድ ክንድ ራቅ አድርጉት። ተራው ማዳበሪያ በሽመናው መሃል አየር ያስገባል፣ ነቀዝም ይገባል። ከሱ የሚሻለው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የአሜሪካው ፐርዲዩ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰሉ ጥራጥሬ ብለው የጀመሩት ሥራ ነው። ሦስት ድርብ ነው፦ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ ማዳበሪያ ከውጭ። አየር ተጨፍልቆ እንዲወጣ አድርጋችሁ ላስቲኮቹን ለየብቻ ጠምዝዛችሁ ታስራላችሁ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርስና መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። መድኃኒት የለው፣ ምን የለው።

ከረጢቱን ካላገኛችሁ የዘይት ሽታ የሌለው ጀሪካን ወይም ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ በርሜል እስከ አፉ ሞልቶ መዝጋት በዚያው መንገድ ይሠራል። ጎዶሎ ከሆነ ግን ነቀዙ የሚተነፍሰው አየር ተረፈው ማለት ነው። ሌላው ስህተት በየቀኑ መክፈት ነው። የወሩን አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ አድርጉ፣ ትልቁን እሰሩት። እርጥብ እህል ደግሞ በፍጹም እንዲህ አይታሰርም። አየር ስለሌለው ነቀዙ ቢሞትም እህሉ ይበሰብሳል።

ጤፍ ላይ ሰው እምብዛም አይጨነቅም፣ ልክም ነው። ፍሬዋ ትንሽ ስለሆነች ነቀዝ አይመቸውም፤ ከደረቀች ዓመታት ትቆያለች። አንዳንድ ገበሬ ጤፍን ከባቄላ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል። ጤፏ ክፍተቱን ትሞላለች፣ ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ሊበላ ሲል በወንፊት ይለያል። ገንዘብ ካለ የክፉ ቀን እህል ጤፍ ቢሆን ደስ ይላል። ከሌለ በቆሎ ነው። ጥራጥሬ ውስጥ ክክ ከድፍኑ ይሻላል፤ ነቀዙ የሚፈልገው ያልተከካውን ነው። ቦሎቄ ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ብዙ ከቆየ ሲቀቀል ድንጋይ ይሆናል። ያን ቀን ከሰላችሁን ይጨርሳል።

ወደ ዶሮዋ ልመለስ። የሻገተ በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ሻጋታው ነው የሚሠራው። ጉበት ይጎዳል፤ በብዛት ከተወሰደ ይገድላል። ማጠብ፣ ማሸት፣ መቀቀል፣ መጋገር አያጠፋውም። ዶሮም ይጎዳል። ላም ከበላችው ደግሞ ወተቷ ውስጥ ይወጣል። «ፀሐይ ላይ ላስጣውና ጠላ ይጠመቅበት» የሚሉ አሉ። አይሆንም። እኔ ያን ኩንታል ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ሆዴ እያረረ።

አንድ ሌላ ነገር፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ለነቀዝ የሚሸጠው ክኒን እርጥበት ሲነካው የሚገድል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ፎስፊን ይባላል። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ አልጋ ሥር ባለ ማዳበሪያ ውስጥ እሱን መክተት ልጆችን መግደል ነው። በኛ አየር እርጥበት ደግሞ ከየትም ይመጣል። ደረቅ እህልና የታሰረ ከረጢት ካለ ክኒኑ አያስፈልግም።

እህሉ ደህና ተቀመጠ እንበል። መብራት ቢጠፋስ? ይሄን ብዙ ሰው የሚያስበው ከጠፋ በኋላ ነው። ወፍጮ ቤቱ አይሠራም። የኤሌክትሪክ ምጣዱ አይጋገርበትም። ሦስት ማዳበሪያ በቆሎ ይዛችሁ መራብ ይቻላል። ስለዚህ ከእህሉ ጎን ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ዱቄት ይኑር። ከዚያ በላይ አታስፈጩ። የበቆሎ ዱቄት ቅባት ስላለው ወር ሁለት ወር ሲቆይ ይመራል። እህሉ ግን በፍሬው ዓመት ይቆያል። ከሰልና ክብሪትም የቀለቡ አካል ናቸው። ክብሪቱን በፌስታል ጠቅልሉት፣ ነሐሴ ላይ አይጫርም።

እሳት የማይፈልገውን ምግብ አያቶቻችን ሠርተው ጨርሰውታል። በሶ አለ፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ በማር ወይም በቅቤ ይታሻል። ቆሎ አለ። ዳቦ ቆሎ አለ። የተረፈ እንጀራ ከደረቀ ድርቆሽ ነው። ማር ደግሞ ዙሪያችን ካለው ጫካ ይመጣል፤ ክዳኑ እስከገጠመ ድረስ አይበላሽም። በዙሪያችን ያሉ የእንሰት አገሮች ጭራሽ ሌላ መንገድ አላቸው። ቆጮ አይደርቅም። እርጥብ ሆኖ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ወራት አልፎም ዓመታት ይቆያል። የሚጠብቀው አየር ማጣቱና ኮምጣጣነቱ ነው። እኛ ጨው በጠርሙስ እየነቀነቅን የምንሸሸውን እርጥበት እነሱ አሠልጥነውታል።

ውሃን ባጭሩ። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያዙ። ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ነው። በየጊዜው ለልብስ ማጠቢያ እያዋላችሁ በአዲስ ቀይሩት።

መቀየር ያልኩት ለሁሉም ነው። የክፉ ቀን ቀለብ ተለይቶ የሚቀመጥ የማይነካ ነገር ከሆነ ይበላሻል። የምትበሉትን ነው የምታስቀምጡት፣ ያስቀመጣችሁትን ነው የምትበሉት። ከፊተኛው ትበላላችሁ፣ አዲሱን ከኋላ ታስገባላችሁ። እኔ ማዳበሪያው ላይ በእስክሪብቶ የታሰረበትን ወር እጽፋለሁ። ባለቤቴ በዚህ ትስቅብኛለች፤ የዘይቱ ጀሪካን ላይም ጽፌ ነበርና።

ባለፈው ጥር በረንዳ ላይ ጠርሙሴን ስነቀንቅ እማማ መጡ። «ጨውና በቆሎ ምን አገናኛቸው?» አሉኝ። አስረዳኋቸው፤ መለጠፉን፣ በመቶኛውን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከተሰጣው አንድ ፍሬ አነሱና በቀሯቸው ጥርሶች መሃል አደረጉት። ቀጭ አለ።

«ደርቋል፣ እሰረው» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።