ድራይቭ ኢን ራክ ምንድን ነው?

«ድራይቭ ኢን አስገባ፣ ገላን ያለው መጋዘንህ እጥፍ ይይዛል» የሚል ምክር አሁንም ይሰማል። ወንድሜ፣ እጥፍ የሚሆነው የቦታው ቁጥር እንጂ የዕቃው ብዛት አይደለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ራክ ማለት የመጋዘን መደርደሪያ ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል የነበረው መተላለፊያ ይቀርና ፎርክሊፍቱ (ዕቃ ማንሻው መኪና) ራሱ ራኩ ውስጥ ይገባል፤ ፓሌቶቹ (ዕቃ የሚጫንባቸው የእንጨት ርብራቦች) ግራና ቀኝ በተዘረጉ ሐዲዶች ላይ ያርፋሉ። በር አንድ ብቻ ስለሆነ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። (በሁለቱም ጫፍ የሚከፈተው ድራይቭ ስሩ ነው። እባካችሁ አታምታቱ።)

ሚኒባስ ታክሲን አስቡ። ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ሲባል ከፊት ያሉት ይነሳሉ። ተሳፋሪው ሁሉ መገናኛ ወራጅ ከሆነ ጣጣ የለውም። ስለዚህ አንድ የራክ መስመር የሚይዘው አንድ ዕቃ፣ ያውም የአንድ ባች (አንድ ላይ የተመረተ) ነው። ታክሲ ላይ ግን ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ ፓሌት አይጠጋም።

ስሌቱ እዚህ ላይ ይበላሻል። 6 ፓሌት ጥልቀት በ4 ደርብ 24 ፓሌት ነው። 17ቱ ተሸጦ 7 ከቀረ፣ ባዶው 17 ቦታ ለሌላ ዕቃ አይሆንም፤ ከፊት ከደረደራችሁበት ሰባቱን ቆለፋችሁባቸው። ያንኑ ዕቃ አዲስ ባች ብታስገቡም አሮጌው ከኋላ ሆኖ ጊዜው ያልፍበታል። 20 ዓይነት ዕቃ ሰባት ሰባት ፓሌት ቢቀር፣ 480 ቦታ ተሠርቶ የተያዘው 140 ብቻ ነው። ይሄ ነው እንግዲህ «እጥፍ»።

ዓይነቱ ጥቂት፣ ብዛቱ ትልቅ ለሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለጨው ወይም ለባዶ ካርቶን፣ ድራይቭ ኢን ጥሩ ነው። ለመድኃኒትና ጊዜው ለሚያልፍ ምግብ ፓሌት ፍሎው የሚባለው ራክ ይሻላል፦ በሜትር 4 ሳንቲ ገደማ ባዘነበለ ሮለር ላይ ፓሌቱ በራሱ ክብደት ወደ መውጫው ይወርዳል፤ ፍሬን ያለው ሮለር ግን የግድ ነው። መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

ማንም ባይጠይቀኝም ፓሌቱን ሳላነሳ አላልፍም። ሐዲድ ላይ የሚያርፈው በሁለት ጫፉ ብቻ ነው፤ መሃሉ አየር ላይ ነው። ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የተመታ ፓሌት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል፤ ሐዲዱን ስቶ ከነጭነቱ ይወድቃል። ፎርክሊፍት ገጭቶ ያጠፈውን የራክ ቋሚም በመዶሻ አታቃኑ፤ መስመሩን አራግፉና ቀይሩት።

ወለሉም አለ። አቃቂና ገላን በኩል ብዙው መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ተዝቆ በገረጋንቲ ካልተተካ ወለሉ ይነሳል፣ ቋሚው ያዘነብላል፣ በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋትም ይዛባል። ክረምቱ ሲወጣ ቋሚዎቹን በቱንቢ ለኩ።