የሼንገን ድንበር «ክፍት ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሼንገን ስምምነት በተሳሰሩ የአውሮፓ አገሮች መካከል ያለ ፍተሻ መጓዝ ይቻላል ሲባል የሰሙ ብዙዎች፣ ባቡር ውስጥ ፖሊስ ፓስፖርት ሲጠይቃቸው ግራ ይጋባሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 በሉክሰምበርጓ የሼንገን መንደር የተፈረመውና በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ያስቀረው በአባል አገሮች የጋራ ድንበር ላይ የሚደረገውን መደበኛ ፍተሻ እንጂ የጉዞ ሰነድ የመያዝን ግዴታ አይደለም። ከዚህም በላይ ሕጉ ራሱ፣ አንድ አገር በጸጥታው ላይ ከባድ ስጋት ሲደቀንበት ፍተሻውን ለጊዜው እንዲመልስ ይፈቅድለታል።

ከኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ ወደ ሙኒክ በባቡር የሚሄድን ሰው እንውሰድ። ጀርመን በዚህ ድንበር ላይ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ ፍተሻ ስለመለሰች፣ ባቡሩ ድንበሩን ተሻግሮ ፍራይላሲንግ ጣቢያ ሲደርስ ፖሊሶች ተሳፍረው ሰነድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሰነዱ የተሟላለት ተጓዥ መንገዱን ይቀጥላል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢያጣም የመዘዋወር መብቱ አልተነካም። («ለጊዜው» የተባለው ፍተሻ ይህን ያህል ዓመት መዝለቁ ግን ራሱን የቻለ ክርክር ነው።)

የማይለዋወጠው ነገር የቆይታ ጊዜው ነው፦ በመደበኛው ደንብ መሠረት ለአጭር ጊዜ የሚገባ፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ እንግዳ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ ቆጠራውም ለመላው የሼንገን አካባቢ አንድ በመሆኑ ፓሪስ ያሳለፋቸው ቀናት ሮም ካሳለፋቸው ጋር ይደመራሉ። የሚለዋወጠው የትኛው አገር፣ በየትኛው ድንበር፣ እስከ መቼ ይፈትሻል የሚለው ነው፤ ይህንንም ከመነሳት በፊት ከመዳረሻው አገር የመንግሥት ማስታወቂያ ማጣራት ይገባል።