አምባገነን ሥርዓት ሰፈር ውስጥ እንዴት ይገባል? ደርግ በድሬዳዋና በሐረር

አምባገነን ሥርዓት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ታንክና እስር ቤት ነው። ታንክ ቤተ መንግሥት ለመያዝ ይበቃል። አንድን ሀገር 17 ዓመት ሙሉ አንገት አስደፍቶ ለመግዛት ግን ለሕዝቡ ከታንክ የቀረበ ነገር ያስፈልጋል። ስኳር የሚያድል፣ ቤት የሚያከራይ፣ መታወቂያ የሚሰጥ፣ ሌሊት ደግሞ በር የሚያንኳኳ አንድ ቢሮ። በደርግ ዘመን ያ ቢሮ ቀበሌ ነበር።

ድሬዳዋንና ሐረርን የመረጥኩት በምክንያት ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ደርግ ስብሰባ የተላከው ሐረር ከነበረው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነው። የሶማሊያ ጦርነት የደረሰው እዚሁ ደጃፍ ላይ ነው። የመንደር ምስረታው ዘመቻም በስፋት የተካሄደው በሐረርጌ ገጠር ነው። ከዚያ በፊትም ከተሞቹ ፋሺዝምን አይተዋል፤ የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ በማግስቱ ድሬዳዋን ይዟል። የጣሊያኑ ግን የባዕድ ገዢ ነበር፣ ሰውን በቆዳ ቀለሙ ለይቶ በጉልበት ገዛ፣ የሕዝቡን እሺታ ብዙም አልፈለገም። የራስ ሰው አምባገነን ሲሆን ነገሩ ይለያል።

ደርግ በአንድ ሌሊት አልመጣም። በ1966 ዓ.ም. ወታደሩ ሲያምጽ፣ ተማሪው ሲሰለፍ፣ ታክሲ ነጂውና መምህሩ ሥራ ሲያቆሙ፣ የተደራጀ ኃይል የነበረው ጦሩ ብቻ ነበር። ሚኒስትሮችና መኳንንት አንድ በአንድ ተለቀሙ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። «ያለ ምንም ደም» የሚለው መፈክር ገና ከሰው አፍ ሳይወርድ፣ ህዳር 14 ቀን 60 የሚሆኑ ሹማምንትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሂትለርም ጥር 30 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. በሕግ ተሹሞ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ያለ ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ወስዷል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ደረጃ በደረጃ ነው የሚወሰደው። ሰው እያንዳንዷን ደረጃ ለብቻዋ ሲያያት «ይህችስ ትለፍ» ይላል።

ከዚያ ስጦታው መጣ። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ስጦታው እውነተኛ ነበርና። «መሬት ላራሹ» ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የጮኹለት ጥያቄ ነው። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወረሰ። በሐረር ዙሪያ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ጭሰኛ እፎይ አለ። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ሐረር፣ በጀጎል፣ የሚኖርና ከመሬቱ ሌላ መተዳደሪያ ያልነበረው ቤተሰብ ደግሞ በአንድ አዋጅ ባዶ እጁን ቀረ። ድሬዳዋ ላይ ከከዚራ እስከ መጋላ ሁለት ሦስት ቤት ያከራይ የነበረ ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን አስረከበ። የተከራዩ ኪራይ ቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት ወደ ቀበሌ ሄደ። ድሀው ተከራይ ደስ ቢለው ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ቤት የሰጠህ ቢሮ ቤት ሊነሳህም ይችላል። ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀበሌ መጀመሪያ የነዋሪዎች ማህበር ነበር፤ ኪራይ ይሰበስባል፣ መንገድ ያጸዳል። በ1969 መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 104 ሥልጣኑ ሰፋ። ፍርድ ሸንጎ ነበረው፣ የታጠቀ አብዮት ጥበቃ ነበረው፣ እስር ቤትም አበጀ። ከሳሹ፣ ያዡ፣ ፈራጁና ስኳር አዳዩ በአንድ ግቢ ተሰበሰቡ ማለት ነው።

የቀበሌ ሱቅን ሰልፍ እናንሳ። እናቶች ሳይነጋ ዘንቢልና ድንጋይ አስቀምጠው ተራ ይይዛሉ። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ተጽፏል፤ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱ በዚያ ልክ ይመዘናል። ካርዱን የሚሰጠው ሊቀመንበር እሁድ ስብሰባ ይጠራል። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይመዘገባል። ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ መሄድ ቢያሻህ የይለፍ ወረቀት፣ ልጅህ ሥራ ቢያገኝ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም ከዚያው ቢሮ ነው። እንዲህ የተያዘ ሰው ጀርባው ላይ መሣሪያ ባይደገንም ስብሰባ ይሄዳል፣ እጁን ያወጣል፣ ያጨበጭባል። በዚህ ሰውን «ፈሪ ነበር» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ስኳርና ሳሙና ያስፈልገዋል።

ቀይ ሽብር በዚህ መዋቅር ላይ ነው የተጫነው። ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲና ባልደረቦቻቸው ተገድለው መንግሥቱ ብቻውን ወጣ። ከዚያ አሰሳው፣ «ነፃ እርምጃ» የሚባለው ግድያ፣ መንገድ ዳር የሚጣል አስከሬን። በሀገሪቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፣ አብዛኛው ወጣት። ቤተሰብ የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። ለቅሶም ተከለከለ። ለኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። እድር ባለበት ሀገር፣ ሐረር ላይ ደግሞ ሰው በሰርግና በሞት ጊዜ አፎቻ በሚባል የመረዳጃ ማህበር ተሰባስቦ በሚኖርበት ከተማ፣ እናት ልጇን ጮኻ እንዳታለቅስ መከልከል ጎረቤትን ከጎረቤት መቁረጥ ነው። ሀዘንህን ጎረቤትህ ካላየ ሟቹም እንዳልሞተ ይሆናል፤ አንተም የሚያጽናናህ አታገኝም።

ማጋለጥ የሚባልም ነበር። ወጣቶች አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ራሳችሁን አጋልጡ፣ ጓዶቻችሁንም ተናገሩ ይባላሉ። ስም የጠራ ልጅ ወደ ቀድሞ ጓደኞቹ መመለስ አይችልም፤ መጠጊያው የከሰሰለት ወገን ብቻ ይሆናል። ሰውን በጥፋት ማነካካት ከዱላ ይልቅ ያሥራል። ተባባሪም ቢሆን አልዳነም። ደርግን ደግፎ ቀበሌዎችን ሲያደራጅ የነበረው የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) በነሐሴ 1969 ራሱ ተሳዳጅ ሆነ። በህዳር 1970 ደግሞ የደርጉ ምክትል ሊቀመንበር አጥናፉ አባተ ተረሸኑ። ታማኝነት ዋስትና እንደማይሆን ሲታይ፣ የቀረው ሁሉ ይበልጥ ታማኝ ለመምሰል ይሽቀዳደማል።

በዚያው ወቅት እውነተኛ ጠላት መጣ። የሶማሊያ ጦር በነሐሴ 1969 ድሬዳዋን አጠቃ፣ ቀጥሎም ጅጅጋን ያዘ፣ ሐረርን ለወራት አስጨነቀ። ድሬዳዋ በወታደሩ፣ በሚሊሺያውና በአየር ኃይሉ ተከላካይነት አልወደቀችም፣ በኋላም የኩባ ጦር መጥቶ የጦርነቱ ሚዛን ተለወጠ። ሰው ለሀገሩ ቆመ፤ ይህ የሚከበር ነገር ነው። ሥርዓቱ ግን ይህን ፍቅር በራሱ ስም አስመዘገበው። ደርግን መቃወም እናት ሀገርን መክዳት ተብሎ ተቆጠረ። የሶማሊ ተወላጁ ነዋሪ ደግሞ በጥርጣሬ ዓይን መታየቱ አልቀረለትም።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ብዙ መግደል አላስፈለገም። ፍርሃቱ ገብቷል። የወጣቱም የሴቶቹም ማህበር ከላይ ተቋቋመ፣ የሠራተኛውም ነፃ ማህበር አስቀድሞ ፈርሶ በመንግሥት ማህበር ተተክቶ ነበር። በመስከረም 1977 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ፣ ከእሱ ሌላ ፓርቲ አልነበረም። መሰረተ ትምህርቱ ብዙ ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማትም አግኝቷል። መጽሐፉ ግን የመንግሥትን ሐሳብም ይዞ ነበር የሚሄደው። የምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ለደርግ ደህንነት ሥልጠናና መሣሪያ ሰጥቷል። ይህ መሥሪያ ቤት በ1989 እ.ኤ.አ. 91,000 ያህል ደሞዝተኛ ሠራተኛ ነበረው፤ በስውር መረጃ የሚያቀብለው ጎረቤት፣ ባልደረባና ዘመድ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። እኛ ጋ ጆሮ ጠቢ እንላቸዋለን። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ጫት እያኘከ የሚያወራውን የሚመርጠው፣ ከተቀመጡት መካከል ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ሁሉም ሰላይ መሆን የለበትም፤ አንዱ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ይበቃል።

ገጠሩ የተያዘው በመንደር ምስረታ ነው። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሐረርጌ ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ፣ ማገሩንና ክዳኑን ተሸክሞ በመስመር ወደ ተለካ መንደር እንዲገባ ተደረገ። ምክንያቱ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውሃ ለማቅረብ ነው ተባለ። የተሰባሰበ ሕዝብ ለመቁጠርም፣ ግብር ለመሰብሰብም፣ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና ለማፈስም፣ ከአማጺ ለመለየትም ይመቻል። ዘመቻው በሀገር ደረጃ 12 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነካ።

ቁጥጥሩ ግን ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ድሬዳዋ ከጅቡቲ በሚመጣ ኮንትሮባንድ ትለብስ ነበር፤ ጨርቁ፣ ሬዲዮው፣ ሽቶው በባቡርም በግመልም ይገባል። ሐረር ውስጥ ቀበሌው ተቋቁሞም አፎቻው አልጠፋም፤ በቀይ ሽብር ለቅሶ ቢከለከልም ሰርጉንና ቀብሩን ጨርሶ የነጠቀው የለም። ሰው ከመንግሥት ውጭ የሚተማመንበት ሰው ካለው፣ የሚያወራበት ቤት አለው ማለት ነው።

መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሸሸ። በታህሳስ 1999 በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ። የቀበሌ ቤቶቹ ግን አሉ፤ ከዚራም መጋላም ውስጥ ቤተሰብ በትንሽ ኪራይ ይኖርባቸዋል። ወራሾች አሁንም የአያቶቻቸውን ቤት ካርታ በሣጥን አስቀምጠዋል። የነዋሪነት መታወቂያም የሚወጣው ከቀበሌ ነው።