ያለፈው ዓመት የአይ አር ኤ መዋጮ ምንድን ነው? ኤክስቴንሽንስ ያራዝመዋል?

«ኤክስቴንሽን ካለህ የ2025ቱን አይ አር ኤ እስከ ኦክቶበር ማስገባት ትችላለህ።» ሰሞኑን አንድ ሰው ይህን ምክር በሙሉ ልብ ሲሰጥ አየሁ። ያመሰገነው ሰው ብዛት አሳሰበኝ። ምክሩ ስህተት ነው፤ ሰውን ገንዘብ ያስከፍላል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ትራዲሽናል አይ አር ኤ ሰው ራሱ የሚከፍተው የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ ነው፤ የሚያስገባው ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ሊቀነስለት ይችላል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 15 የምታስገቡትን ገንዘብ «ላለፈው ዓመት ይያዝልኝ» ማለት ትችላላችሁ። ያለፈው ዓመት መዋጮ የሚባለው ይኸው ነው። ለ2025 ጣሪያው 7,000 ዶላር ነው፤ 50 ዓመት ለሞላው 8,000። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15፣ 2026። ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጠይቆ የሚሰጥ ተጨማሪ ጊዜ፣ የሚያራዝመው የታክስ ፎርሙን የማስገቢያ ጊዜ ነው። ግብሩን የመክፈያ ቀን እንኳ አያራዝምም፣ እንኳን የአይ አር ኤውን።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሰው ፌብሩዋሪ ላይ ታክሱን ያሠራል። «7,000 አስገባለሁ» ይላል፣ ከገቢው ላይ ይቀነስለታል፣ ሪፈንዱ (ተመላሽ ግብሩ) ሲመጣ ከዚያ ላይ ሊያስገባ ያስባል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። «ሳያስገቡ መጻፍ ማጭበርበር ነው» የሚሉም አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል። ገንዘቡ እስከ ቀኑ ከገባ ቀድሞ መጻፍ ይፈቀዳል። ግን ሪፈንዱ ይዘገያል፣ ወይም ይመጣና ኪራይ ይበላዋል፣ ወይም አገር ቤት የታመመ ሰው ይኖርና ወደዚያ ይላካል። ኤፕሪል 15 ያልፋል።

እቁብን አስቡ። «እሁድ አመጣለሁ» ስላላችሁት ጸሐፊው አምኗችሁ ከስማችሁ ጎን «ከፍሏል» ብሎ ጻፈ። እሁድ ዕጣው ሳይወጣ ካመጣችሁ መዝገቡ እውነት ሆነ፤ የሚታረም ነገር የለም። ካላመጣችሁ ግን መዝገቡ ላይ ያለው እውነት አይደለም፣ ሰኞ ብር ይዞ መምጣትም የእሁዱን ዕጣ አይመልሰውም። የሰኞው ብር አይጣልም፤ ለሚቀጥለው እሁድ ይያዝላችኋል። ያቺ «ከፍሏል» የምትለው ግን መሰረዝ አለባት። አንድ ልዩነት አለ። የእቁብ ዳኛ ይለመናል፤ ኤፕሪል 15 አይለመንም። (የተፈጥሮ አደጋ ለደረሰበት አካባቢ የፌደራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ ቀን ሲያራዝም የአይ አር ኤውም ቀን አብሮ የሚራዘምበት ጊዜ አለ። ካውንቲያችሁ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ግን አትመኩበት።)

ስለዚህ ቀኑ ካለፈና ገንዘቡ ካልገባ መፍትሔው 1040-ኤክስ ሞልቶ ታክሱን ማረም ነው። የተቀነሰው 7,000 ተመልሶ ገቢ ላይ ይደመራል። 22 በመቶ ለሚከፍል ሰው ይህ 1,540 ዶላር ነው፤ 12 በመቶ ለሚከፍል 840። ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ወለድም ይታሰባል፤ ቶሎ ከተከፈለ ግን ብዙ አይሆንም። የመጀመሪያው ሪፈንድ ገና ካልመጣ እስኪመጣ ጠብቁና ከዚያ አርሙ።

እዚህ ላይ ያው መካሪ «ተወው፣ ማን ያውቃል?» ብሏል። አይአርኤስ ያውቃል! ሂሳቡን የያዘው ኩባንያ በየዓመቱ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ፎርም 5498 ይልካል፤ ለየትኛው ዓመት ስንት እንደገባ እዚያ ላይ ተጽፏል። አንዱ ቅጂ ለእናንተ፣ አንዱ ለአይአርኤስ። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ አይአርኤስ ሳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ ካረማችሁ ግብርን አሳንሶ ላሳወቀ ሰው የሚጣለው የ20 በመቶ ቅጣት አይመጣባችሁም። ደብዳቤ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ ግን ሊመጣ ይችላል፤ በ1,540 ላይ 308 ዶላር ማለት ነው። በገዛ እጅ ማረምና ተይዞ መታረም አንድ አይደሉም።

የኦክቶበሩ ወሬ የመጣው ከሴፕ አይ አር ኤ ይመስለኛል። ኡበር የሚነዳ ወይም የራሱ ሥራ ያለው ሰው ሴፕ መክፈት ይችላል፤ ኤክስቴንሽኑን በጊዜው ከጠየቀ እስከ ኦክቶበር 15 ማስገባት ይፈቀድለታል። ግን ሴፕ ሌላ ሂሳብ ነው። ልኩ የሚሰላው ከሥራው የተጣራ ትርፍ ነው፤ ደብሊው-2 (ቀጣሪ የሚሰጠው የደሞዝ ማስረጃ) ብቻ ላለው ሠራተኛ አይሆንም። አንዱ የሴፑን ታሪክ ያወራል፣ ሌላው «አይ አር ኤ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ከማረማችሁ በፊት ግን ገንዘቡ በእርግጥ አለመግባቱን አረጋግጡ። ማርች ላይ በስልካቸው አፕ 7,000 አስገብተው ዓመቱን ሳይመርጡ የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው፤ አፑ ደግሞ ሳይጠይቅ 2026 ብሎ ይይዘዋል። ኤፕሪል 15 ካላለፈ አንድ ስልክ ይፈታዋል፤ ደውላችሁ «ለ2025 አድርጉልኝ» በሉ። ካለፈ በኋላ፣ ስህተቱ የኩባንያው መሆኑን ማሳየት ከቻላችሁ የታረመ 5498 እንዲልክ ጠይቁ። ምርጫው የእናንተ ከነበረ ግን ገንዘቡ የ2026 ነው። አትደንግጡ። የ2026 ጣሪያ 7,500 ስለሆነ ይበቃዋል፤ በሚመጣው ዓመት ይቀነስላችኋል። ረስታችሁ ለሁለቱም ዓመት አትቀንሱት እንጂ።

ሮስ አይ አር ኤ (ግብሩ ከተከፈለ ገንዘብ ላይ የሚቆጠብበት ሌላው ዓይነት) ከሆነ ከገቢ የተቀነሰ ነገር ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ የሚታረም የለም። ገቢያችሁ አነስተኛ ሆኖ የሴቨርስ ክሬዲት (ለጡረታ ለሚቆጥብ ሰው የሚሰጥ የግብር ቅናሽ) ካገኛችሁበት ግን ክሬዲቱን መመለስ አለባችሁ፤ ይህ ለትራዲሽናሉም ይሠራል፣ ሰውም የሚረሳው ይህንን ነው። 401 ኬ ደግሞ በቀጣሪ በኩል ከደሞዝ ላይ የሚቆረጥ የጡረታ ቁጠባ ነው። ደብሊው-2 ላይ ያለውን የ401 ኬ ቁጥር አይቶ አይ አር ኤ ብሎ መልሶ መጻፍ ያንኑ ገንዘብ ሁለቴ መቀነስ ነው፤ እሱም በዚያው 1040-ኤክስ ይታረማል።

የስቴቱንም አትርሱ። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ስሌታቸውን የሚጀምሩት ከፌደራሉ ገቢ ነው፤ የላይኛው ቁጥር ሲቀየር የታችኛውም ይቀየራል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲያርም ንገሩት።