የቢሮ ኪራይ «እውነተኛ የካሬ ዋጋ» ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ የቢሮ ኪራይ ስትጠይቁ የሚነገራችሁ የካሬ ዋጋ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ሁለት ሕንጻ ማወዳደር ግን ያሳስታል። እውነተኛው የካሬ ዋጋ በውሉ ዘመን ለቢሮው የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በወር ተሰልቶ፣ ሠራተኛ በትክክል ለሚቀመጥበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ልዩነቱ ከልኬቱ ይጀምራል። አከራዩ የሚያስከፍለው በግሮስ (በጠቅላላ ስፋት) ከሆነ የኮሪደሩ፣ የደረጃው፣ የሊፍቱና የመጸዳጃ ቤቱ ድርሻ ተጨምሮባችኋል። ውሉ 120 ካሬ እያለ የውስጡ 90 ሊሆን ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ግቡ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩና ዓምዶቹ የያዙትን ቀንሱ። መሐል ላይ የቆመ ወፍራም ዓምድ ከራሱ ስፋት በላይ ቦታ ያባክናል፤ ዙሪያው ጠረጴዛ አይገጥምምና።

አሁን እናስላው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። 120 ካሬ በ1,000 ብር፣ በወር 120,000 ነው። ሰርቪስ ቻርጅ (ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለመሳሰሉት የጋራ አገልግሎቶች የሚከፈለው) በካሬ 100 ብር ቢሆን 12,000 ይጨመራል። ቢሮው ባዶ ወለል ከሆነ ደግሞ ለፓርቲሽን (ክፍል መለያ ግድግዳ)፣ ለመብራትና ለኔትወርክ ዝርጋታ 540,000 ብር ወጣ እንበል፤ ለ3 ዓመት ውል በ36 ወር ሲካፈል 15,000 ይሆናል። ድምሩ 147,000፣ ለ90 ካሬ ሲካፈል 1,633 ብር። ሌላው ሕንጻ በካሬ 1,250 ብር ቢልም ግሮሱ 100፣ ውስጡ 90 ካሬ፣ ሰርቪስ ቻርጁ የተካተተ፣ ፓርቲሽኑም ያለቀ ከሆነ 125,000 ለ90፣ ማለትም 1,389 ብር ነው። ውድ የተባለው ረክሶ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ከቫት በፊት ነው። «ዋጋው ቫትን ይጨምራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ 15 በመቶ ነው። ለቫት የተመዘገበ ድርጅት በሕጋዊ ደረሰኝ ከሚሰበስበው ቫት ላይ ያቀናንሰዋል፤ ላልተመዘገበ ግን ንጹሕ ወጪ ነው።

ጭማሪም አለ። በየዓመቱ 10 በመቶ ከተስማማችሁ 3ኛው ዓመት ላይ ኪራዩ ከመነሻው 21 በመቶ ይበልጣል፤ የ3ቱ ዓመት አማካይ ወደ 10.3 በመቶ ከፍ ይላል። ውሉ «በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይሻሻላል» የሚል ከሆነ ግን በጀት መያዝ አይቻልም፤ ጣሪያ ይጻፍበት።

ጄኔሬተር አለ መባሉ ብቻ አይበቃም። ሊፍቱንና የውኃ ፓምፑን ይይዛል? ነዳጁ በሰርቪስ ቻርጅ ውስጥ ነው ወይስ በየወሩ ለብቻው ይከፋፈላል? መብራት ሲጠፋ ሊፍት የማይሠራበት 8ኛ ፎቅ ለደንበኛ አይመችም።

የ6 ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ክፍያ ከተጠየቃችሁ በምትኩ ፓርቲሽን የምትሠሩበትን ጊዜ ከኪራይ ነፃ አድርጉልን በሉ፤ ለመደራደር የተሻለው ሰዓት ገንዘቡ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ብዙ ስለተቀየሩ፣ ሕንጻው በልማት ቢነካ ያልተቀመጣችሁባቸው ወራት ክፍያ በስንት ቀን እንደሚመለስ በውሉ ይስፈር። ስትለቁ ፓርቲሽኑ የማን እንደሚሆን፣ ማፍረሱና ቀለሙም የማን ወጪ እንደሆነ እንዲሁ።