ላልተዘጋጀላቸው ድርሻ

የተወደዳችሁ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

እናቴ ኦቨን አልነበራትም። ጣፋጭ ስታስብ ብስኩት ታቀርብልንና በእጃችን ታሰባብረን ነበር፤ «አታድቅቁት፣ ጥርስ የሚያገኘው ነገር ይኑረው» እያለች። አሠራሩን አሁንም አልረሳሁትም፦ 200 ግራም ብስኩት፣ 100 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ 3 ስኳር፣ እንዲያያዝ ያህል ትንሽ ወተት። ተለውሶ በላስቲክ ይጠቀለልና ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሲቆረጥ በቡናማው መሃል የብስኩቱ ስብርባሪ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል።

ተቆርጦም ግን ወዲያው ማንም አይቀምስም ነበር። መጀመሪያ ሁለት ቁራጭ ታነሣለች፤ በወረቀት ጠቅልላ ለብቻ ታስቀምጣለች። ልጅ ሆኜ ይከፋኝ ነበር፤ የወፍራሙ ቁራጭ ነገር!

ነህምያ ምዕራፍ 8ን ሳነብ ያ ጥቅል ትዝ አለኝ። ሕዝቡ በውኃ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰብስቦ ነበር። ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን ሲያነብ ሰምተው አለቀሱ። የተነገራቸው ግን አታልቅሱ፣ ሂዱና የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ የሚል ነበር። ቀጥሎም፣ እዚያው ቁጥር 10 ላይ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን ላኩ ተባሉ። ብትበሉና ቢተርፋችሁ አላላቸውም። መብላቱና መላኩ በአንድ ትእዛዝ የመጡ ናቸው፤ በቁጥር 12 ሕዝቡ ሁለቱንም አድርጎ ተደሰተ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የተረፈን መስጠት ደግ ነው፣ አልነቅፈውም። ድርሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢላዋው ሳይነሣ የታሰበ ሰው አለ ማለት ነው፤ በሐዘን ቤቱን የዘጋ፣ ታሞ የተኛ፣ ከእኛ ጋር ተቀያይሞ መምጣት ያቆመ ዘመድ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ይከብደኛል።

ልጆቻችሁንም አሳትፏቸው። ዘዳግም 6፥7 ቃሉን በቤትህ ስትቀመጥ ተናገር ይላል፤ እጃቸው ብስኩት ሲሰብር ጆሯቸው ክፍት ነው። እናቴም በልጅነቷ ጌታ እንዴት እንደረዳት የነገረችን በዚያች ሰዓት ነበር፣ ቅቤው እስኪቀልጥ።

ባለፈው ሰንበት እኔም ሠራሁ። ሁለቱን ቁራጭ ስጠቀልል ትንሿ ልጄ «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። ስሙን ነገርኳት። ከተኳረፍን ቆይተናል፣ እሷም ታውቃለች። ዝም ብላ አየችኝና ጫማዋን ፍለጋ ሄደች።