ፕሮካልሲቶኒን፦ ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ

በከባድ የሳንባ ምች ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገባ ሰው የደም ውጤት ላይ «ፕሮካልሲቶኒን 8» ተጽፎ ሲታይ ቤተሰብ ይደነግጣል። አንድ ቁጥር ብቻውን ግን ማን እንደሚተርፍ አይናገርም። ፕሮካልሲቶኒን በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው። በጤነኛ ሰው መጠኑ በሚሊ ሊትር ከ0.1 ናኖግራም በታች ነው፤ ባክቴሪያ ሰውነትን ሲወርር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨምራል።

ኢንፌክሽኑ ሲገታ በየቀኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፦ 8 የነበረው በማግስቱ 4፣ ከዚያ 2። በሦስት በአራት ቀን ካልወረደ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ያኔ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን መግደል አለመግደሉ፣ በሳንባ ዙሪያ መግል መቋጠር አለመቋጠሩ መፈተሽ አለበት። ከከፍተኛው ልኬት 80 በመቶ ከቀነሰ ወይም ከ0.5 በታች ከሆነና ሕመምተኛውም ከተሻለው፣ አንቲባዮቲክ ማቆም ይታሰባል።

ኩላሊት ሲደክም ግን አወራረዱ ይዘገያል፤ ከባድ ቀዶ ሕክምናም ያለ ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል።

ላክቴት በደም ውስጥ የሚለካ ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ የደም ዝውውር መጓደልን ይጠቁማል። በሊትር ከ2 ሚሊሞል ካለፈ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ የተቀዳ ወይም ሳይመረመር የቆየ ደም በሐሰት ከፍ ያለ ውጤት ስለሚሰጥ፣ ናሙናው ወዲያው መመርመር ወይም በበረዶ መላክ አለበት።